የድሮ ባለሸራ ጀልባ መስኮት፦ አክሪሊክ፣ ፖሊካርቦኔት ወይስ መስታወት?

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ቼሳፒክ ቤይ ላይ 30 ጫማ የሆነች ባለሸራ ጀልባ አለችኝ፣ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠራች ፋይበርግላስ። ሞተሯ ደህና ነው፤ ሸራዋም ገና ነው። ያስቸገረኝ መስኮቷ ነው። በካቢኗ ግራና ቀኝ የማይከፈቱ ረጃጅም መስኮቶች አሏት፣ ትልቁ 90 በ20 ሴንቲሜትር ይሆናል። ወደ ፊት ደግሞ ፖርትላይት የሚባሉ ለአየር የሚከፈቱ ትንንሽ መስኮቶች አሉ። ረጃጅሞቹ ደብዝዘዋል። ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍባቸው በጥቃቅን ስንጥቅ መሞላታቸው ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ውጭ ያለው ነገር ግን አይታይም። ሲዘንብ ከታችኛው ጠርዝ ውኃ እየተንጠባጠበ ፍራሹን ያረጥበዋል። እዚያ ፍራሽ ላይ የሚተኙት ልጆቼ ናቸው።

በምን ልተካቸው? እኔ ያዘነበልኩት ወደ ካስት አክሪሊክ (በሻጋታ ፈስሶ የሚጋገር ግልጽ ፕላስቲክ) ነው። ማሪናው ላይ ከማገኛቸው ሰዎች ግማሹ ግን ሌክሳን (ፖሊካርቦኔት የሚባለው ሌላው ግልጽ ፕላስቲክ) ካልሆነ ሞተን እንገኛለን ይላሉ። ምክንያታችሁን ጻፉልኝ። ጥሩ ነው፣ መጥፎ ነው ብቻ አይበቃኝም።

የውይይቱ ክር ከጠበቅሁት በላይ ረዘመ። አዲስ ለሚመጣ ሰው እንዲመች መልሶቹን በቁጥራቸው እየጠራሁ ፍሬ ነገራቸውን እዚሁ አሰፍራለሁ። ቃል በቃል አልገለብጥም። በመሃል የራሴንም ሐሳብ ጣል አደርጋለሁ።

1ኛ መልስ። ሲያትል የሚኖር ወንድም ነው። በቅድሚያ እንኳን ደስ ያለህ ብሎ የኛም ሰው ባሕር ላይ መውጣቱ እንዳስደሰተው ጻፈ። ከዚያ ያለ ማመንታት ፖሊካርቦኔትን መረጠ። ምክንያቱ አለመሰበሩ ነው። የአድማ በታኝ ፖሊስ ጋሻ የሚሠራው ከሱ ስለሆነ፣ መዶሻ ቢያርፍበት እንኳ የሚያነጥር ነገር ማዕበልን አይፈራም ባይ ነው። ሌክሳንና ማክሮሎን የፖሊካርቦኔት የንግድ ስሞች እንደሆኑ፣ ፕሌክሲግላስና ፐርስፔክስ ደግሞ አክሪሊክ እንደሆኑ ለይቶ ስለጻፈ አመሰግነዋለሁ። ብዙ ሰው ይቀላቅላቸዋል።

2ኛ መልስ። ቨርጂኒያ ውስጥ የፕላስቲክ ሉህ እየቆረጠ የማስታወቂያ ሰሌዳ የሚሠራ ሰው ነው። ቁጥር 1ን በአክብሮት አረመው። ጥንካሬ ሁለት ዓይነት ነው ይላል። አንዱ ሲመቱት አለመሰበር ነው፣ በዚህ ፖሊካርቦኔትን የሚያህል የለም። ሌላው ሲገፉት አለመጉበጥ ነው። በዚህኛው አክሪሊክ ይበልጣል፤ መጉበጥን የመቋቋም መለኪያው (የመለጠጥ ሞጁለስ) 3.2 ጊጋፓስካል አካባቢ ሲሆን የፖሊካርቦኔት 2.3 ገደማ ነው። የካቢን መስኮት ላይ የሚመጣው ውኃ ደግሞ ሰፊ ቦታ ይዞ የሚገፋ ክብደት ነው። ፖሊካርቦኔቱ አይሰበርም፣ ግን መሃሉ ይጎብጣል፣ ጠርዙ ከማሸጊያው ይላቀቃል፣ ሲብስም ሳይሰበር ሙሉውን ከፍሬሙ ወጥቶ ወደ ውስጥ ይገባል። በዚያ ላይ ቶሎ ይጫራል። ይህ መልስ ለኔ ነገሩን ከሥሩ አብራራልኝ። ስለ መስኮት ስናወራ ስለ ጠርዙ ማውራት አለብን።

3ኛው የት እንደሚገዛ ብቻ ጠየቀ። ሉህ በልክ ቆርጦ የሚሸጥ ሱቅ ሁሉ ይኖረዋል፣ ግን ካስት መሆኑን አስረግጣችሁ ጠይቁ ብዬ መለስኩለት።

4ኛ መልስ። አሽዶድ፣ እስራኤል፣ ጀልባ ጥገና ላይ የሚሠራ ልጅ ነው። እዚያ ያለው ፀሐይ አይምርም ይላል። የአልትራቫዮሌት መከላከያ ያልተቀባ ፖሊካርቦኔት በጥቂት ዓመት ውስጥ ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ ይደርቃል። የተቀባው ይቆያል፣ ነገር ግን የተቆረጠበት ጠርዝና የተበሳበት ቀዳዳ ቅብ የለውም። አንድ ደንበኛው የቆሸሸ የፖሊካርቦኔት መስኮቱን በአሴቶን ሲወለውል ወዲያው ደመና ለብሶ ቀረ። አሞኒያ ያለበት የቤት መስታወት ማጽጃም ሁለቱንም ይጎዳል። በለብ ያለ ውኃና በቀጭን ሳሙና፣ በለስላሳ ጨርቅ ብቻ እንዲጸዳ ነው ምክሩ።

ስለ ትንንሾቹ ፖርትላይቶች የመለሰልኝም እሱ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው መስኮቱ ሳይሆን የደረቀ ጎማው ስለሆነ መጀመሪያ ጎማውን ብቻ ቀይር አለኝ። ፍሬሙ ካለቀ ደግሞ ነሐስ ውድና ከባድ ቢሆንም ዕድሜ ልክ ይኖራል፣ 316 የሚባለው ስቴንለስም ጥሩ ነው፣ የፕላስቲክ ፍሬም በፀሐይ ይሰነጠቃል። አልሙኒየም ፍሬም ላይ የስቴንለስ ብሎን የገባበት ቦታ ነጭ ዱቄት ካበጀ፣ ሁለቱ ብረቶች በጨዋማ ውኃ እየተበላሉ ነው ማለት ነው። መሃላቸው መለያ ቅባት መግባት አለበት። የኔን ሄጄ አየሁ። ነጩ ዱቄት አለ።

5ኛው ቁጥር 1 ራሱ ነው። ትንሽ ቅር ብሎት መጣ። የተቀባውን ማለቱ ግልጽ እንደነበረ፣ አክሪሊክ ግን የዊንች (የሸራ ገመድ መወጠሪያ) ማንቀሳቀሻ ብረት ወድቆበት ለሁለት ሲሰነጠቅ በዓይኑ እንዳየ ጻፈ። እውነት ነው፣ አክሪሊክ ይሰነጠቃል።

6ኛ መልስ። ከሁሉም ያስደሰተኝ ይሄ ነው። አዲስ አበባ አየር መንገዱ ውስጥ ሠልጥኖ አሁን ቴክሳስ የሚሠራ የአውሮፕላን ቴክኒሻን ነው። ተሳፋሪ የሚደገፍበት የአውሮፕላን መስኮት አክሪሊክ መሆኑን ነገረን። በተለየ ዘዴ እንዲለጠጥ ተደርጎ የተሠራ አክሪሊክ። የውጭውና የመሃሉ ሉህ ከዚያ ነው፣ ግፊቱን የሚሸከመው የውጭው ነው፣ መሃሉ ላይ ያለችው ትንሽ ቀዳዳም አየሩን ለማመጣጠን ናት። እንግዲህ 11,000 ሜትር ላይ ሰው የሚያምነው ነገር ቼሳፒክ ላይ አይበቃም የሚባልበት ምክንያት አልታየውም። አያይዞ እ.ኤ.አ. በ1954 በአየር ላይ የተበታተኑትን የእንግሊዝ ኮሜት ጄቶች አነሣ። ምርመራው ስንጥቁ የተነሣው ከአውሮፕላኑ አካል ክፍት ቦታዎች ጥግ አጠገብ መሆኑን አረጋገጠ። የኮሜት አካል ብረት ነው፣ ግን ጭንቀት (ቁሱን የሚወጥረው ኃይል) በጥግና በቀዳዳ ዙሪያ መከማቸቱ ለፕላስቲክም ያው ነው።

ከዚያ ወደ አሠራሩ ገባ። የመስኮቱን ጥግ በሰፊው አክብቡት። ተራ የብረት ፑንታ አክሪሊክ ላይ ነክሶ ይይዛል፣ ሉሁን ከጀርባ ይፈነቅለዋል። ስለዚህ የፑንታውን ስለት በሞረድ ትንሽ አደንዝዙት፣ ከሥር እንጨት አስደግፉ፣ በዝግታ ብሱ። ለ6 ሚሊሜትር ብሎን 8 ሚሊሜትር ቀዳዳ ክፈቱ፣ ሉሁ እንዲንቀሳቀስ። ጭንቅላቱ ሾጣጣ የሆነ ብሎን አታስገቡ፣ እንደ ሽብልቅ ይሰነጥቀዋል፤ ጠፍጣፋ ጭንቅላት ከሰፊ ሮንዴላ ጋር ይሁን። የቀዳዳውን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። ጠርዙን በእሳት ማለስለስ ያምራል፣ ግን ውስጡ ጭንቀት ትቶ ይሄዳል፣ በኋላ ማጽጃ ወይም ማጣበቂያ ሲነካው ይሰነጣጠቃል። መከላከያ ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አትንቀሉ።

7ኛው ስዊድን፣ ጎተንበርግ ነው። መስታወትስ ለምን ተረሳ አለ። በሙቀት የጠነከረ መስታወት በቀላሉ አይጫርም፣ ቢጫ አይሆንም፣ አሴቶን ቢፈስበት ግድ የለውም። ትክክል ነው። ግን ክብደቱ ከአክሪሊክ ሁለት እጥፍ ይበልጣል፤ የኔ ትልቁ መስኮት በ10 ሚሊሜትር አክሪሊክ 2 ኪሎ ትንሽ ሲያልፍ በመስታወት 4 ኪሎ ተኩል ይሆናል። ከጠነከረ በኋላም አይቆረጥም፣ አይበሳም። የካቢኗ ግድግዳ ደግሞ በትንሹ የጎበጠ ነው። አክሪሊክ ያንን ያህል ይታጠፍልኛል፣ መስታወት ግን ወይ ፍንክች። ለኔ መስታወት እዚህ ላይ አበቃ።

8ኛ መልስ። ፍራንክፈርት ሕንፃ ላይ መስታወት የሚገጥም ሰው ነው። ስለ ሉሁ ይሄን ያህል መከራከራችን ገርሞታል። ከሁሉም በፊት ስለ ማሸጊያው ተነጋገሩ ነው የሚለው። ሒሳቡን ሠርቶ አሳየን። አክሪሊክም ፖሊካርቦኔትም በአንድ ዲግሪ ሙቀት በሜትር 0.07 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማሉ። የኔ 90 ሴንቲሜትር ከክረምት ብርድ እስከ በጋ ፀሐይ 50 ዲግሪ ቢለዋወጥ ከ3 ሚሊሜትር በላይ ይሄዳል ይመለሳል። ፋይበርግላሱ የሚሄደው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ልዩነቱን ማሸጊያው መሸከም አለበት። ቀጭን ከሆነ ይቀደዳል። ብዙ ሰው ብሎኑን እስኪያቅተው አጥብቆ ማሸጊያውን በሙሉ በጎን ያስወጣውና በሁለተኛው ዓመት አፈሰሰ ብሎ ሉሁን ይረግማል። ቢያንስ 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው፣ የሚለጠጥ ማሸጊያ በመሃል ይኑር። ሕንፃ ላይ መስታወት የሚጣበቅበት ገለልተኛ ሲሊኮን፣ ለምሳሌ ዳው 795፣ ቪኤችቢ ከሚባለው በሁለት ጎኑ የሚጣበቅ ወፍራም የ3ኤም ቴፕ ጋር ይሠራል። ቴፑ ሉሁን ይይዛል፣ ውፍረቱንም ይጠብቃል። ሲካፍሌክስ 295 ዩቪ የሚባለው ማሸጊያም ለዚሁ የተሠራ ነው፣ ግን ፕራይመሩን (በቅድሚያ የሚቀባውን) መዝለል የለም።

9ኛው እዚህ ላይ ጦፈ። ፍሎሪዳ ያለ ሰው ነው። ሲሊኮን ጀልባ ላይ ማድረግ ወንጀል ነው እስከማለት ደረሰ። አንዴ የነካው ቦታ ከዚያ በኋላ ቀለምም ሌላ ማጣበቂያም አይቀበልም፤ የሕንፃ ሠራተኛም ስለ ባሕር አያገባውም አለ። 8ኛው በ10ኛው መልስ ዝም አላለም። እንደ ኮምጣጤ የሚሸተውን የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮንና የሕንፃውን ገለልተኛ ሲሊኮን የማይለይ ሰው ሌላውን አላዋቂ ማለት እንደሌለበት ጻፈ። በ11 እና በ12 እንካ ስላንትያ ገጠሙ፤ አላሰፍረውም። ስድቡ ሲወጣ የቀረው ፍሬ ግን ሁለቱም የተስማሙበት ነው። ሲሊኮን ከሆነ ዙሪያውን በወረቀት ፕላስተር ሸፍናችሁ ቅቡ። ፖሊሰልፋይድ የሚባለውን ማሸጊያ አክሪሊክና ፖሊካርቦኔት ላይ ፈጽሞ አታድርጉ፣ ፕላስቲኩን ይበላዋል። 3ኤም 5200 የሚባለው ለዘለቄታው የሚይዝ ማጣበቂያ መስኮት ላይ አይገባም። ትንንሾቹ በብሎን የሚታሰሩ ፖርትላይቶች ላይ ቢውቲል ቴፕ (ተጣባቂ የጎማ ማሸጊያ) ይበቃል፣ ብሎኑን በተለያየ ቀን ትንሽ ትንሽ እያጠበቁ።

13ኛ መልስ። የቀድሞው ባሕር ኃይል አባል የነበሩ ጋሼ ናቸው፣ ምፅዋ ያገለገሉ። ሁለቱን ተከራካሪዎች በአባትነት ረጋ በሉ አሏቸው። መርከብ ላይ ክብ መስኮት ብቻውን እንደማይታመን፣ ማዕበል ሲመጣ ከውስጥ የሚከደን የብረት መዝጊያ እንዳለው አስታወሱ። ለኔም የሚመክሩት ይሄንኑ ነው። ሉሁ ምንም ይሁን፣ በልኩ የተቆረጠ ወፍራም ኮምፔንሳቶና ማሰሪያ ብሎኑ ጀልባዋ ውስጥ ይቀመጥ። የዓለም ሴይሊንግ ማኅበር የውቅያኖስ ውድድር ደንብ ከ2 ስኩዌር ጫማ፣ ማለትም ከ1,850 ካሬ ሴንቲሜትር ገደማ ለሚበልጥ መስኮት የማዕበል መሸፈኛ ይጠይቃል። የኔ 1,800 ነው። ለጥቂት አመለጠ ብዬ አልተወውም፣ እሠራለሁ።

ከዚህ በኋላ ክሩ ወደ ምፅዋ ሄደ። 14 እና 15 አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1962 ስለ ሰጠችው፣ ኢትዮጵያ ስለተባለው መርከብ ነበሩ። አባቱ እዚያው ላይ ያገለገለ ሰው ፎቶ ለጠፈ፣ ጋሼም የሚያውቁትን ፊት ለይተው ነገሩት። ከርዕሱ ውጪ ነው፣ ግን እንዲህ ያለ መውጣት ይውጣ።

16ኛዋ ነርስ ናት፣ ሚኒሶታ። በአክሪሊክ ላይ የምታውቀውን ጨመረችልን። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተዋጊ አውሮፕላን መስኮት ሲሰበር ስብርባሪው አብራሪዎች ዓይን ውስጥ ይገባ ነበር። ሃሮልድ ሪድሊ የተባለው እንግሊዛዊ የዓይን ሐኪም ዓይኑ በአክሪሊኩ አለመቆጣቱን አስተዋለ። እ.ኤ.አ. በ1949 ለንደን ውስጥ የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ የዓይን ሌንስ ከዚያው አክሪሊክ አሠርቶ ተከለ። ዛሬ አገር ቤት የሞራ ግርዶሽ የሚገፈፍላቸው እናቶቻችን ዓይን ውስጥ የሚገባው ሌንስ ታሪክ ከዚያ ይጀምራል። ይሄን አላውቅም ነበር። ደስ አለኝ።

17ኛው አልተደሰተም። ፍሎሪዳዊው ነው። የመስኮት ጥያቄ ላይ የዓይን ቀዶ ሕክምና ምን ያደርጋል ብሎ ተቆጣ። እህታችንም አልቀረችም፣ በአጭሩ ለመጠየቅም ለመማርም የመጣ ሰው እንዳለ ነገረችው።

18ኛው ከባሕር ዳር ነው፣ ጣና ላይ ሰው የሚያመላልስ የሞተር ጀልባ አለው። መስኮቱ ሲሰበር አዲስ አበባ ማስታወቂያ ቤቶች የሚጠቀሙበትን አክሪሊክ ገዝቶ ገጠመ፣ ሳይቆይም ዙሪያው ተሰነጣጠቀ። 2ኛው ሰው ተመልሶ መጣለት። በመቅረጫ ተገፍቶ የሚወጣው አክሪሊክ ርካሽ ነው፣ ለመብራት ሰሌዳ ይሆናል፣ ለጭንቀትና ለማጽጃ ግን ደካማ ነው። በሻጋታ ፈስሶ የሚጋገረው ካስት ይሻላል። መለየት የፈለገ ቁራጩን በመጋዝ ይሞክረው። ተገፍቶ የወጣው ይቀልጥና ስለቱ ላይ ይጣበቃል፣ ካስቱ ደረቅ ፍርፋሪ ይሆናል። ለባሕር ዳሩ ወንድም ደግሞ ሰው የሚጭን ጀልባ ስለሆነ ውፍረቱ ላይ እንዳይቆጥብ ለመነው።

19ኛው ላይ እኔ ነኝ። በዚህ መሃል አንዱን መስኮት አውጥቼ ነበር። ፍሬሙ ሲነሣ በውጩና በውስጡ ፋይበርግላስ መካከል ያለው ባልሳ የሚባል ቀላል እንጨት ታየ። ከላይ በኩል ነጣ ያለና ደረቅ ነው። ከታች ጠቁሯል። ካቻቢቴ ሳስነካው ያለ ምንም ጉልበት ሰመጠ፣ ጥቁር ውኃም በጫፉ ዙሪያ ፊጭ አለ። በጣት ሲይዙት ይፈረፈራል። ፎቶውን ለጠፍኩት።

20ኛው የአሽዶዱ ልጅ ነው። ይሄን ሳላደርቅ ምንም ዓይነት ሉህ እንዳልገጥም አስጠነቀቀኝ። የበሰበሰው እስከ ጤነኛው እንጨት ድረስ ተቦርብሮ ይወጣል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ በወፈረ ኢፖክሲ ሙጫ ይሞላል። ያኔ የመስኮቱ ዙሪያ እንጨት የሌለበት ድፍን ይሆናል፣ ወደፊት ቢያፈስ እንኳ የሚበሰብስ አይኖርም። አሁን እሱን ነው የምሠራው።

21ኛው ቁጥር 1 ነው፣ የመጨረሻ ሙግቱን ይዞ። 2ኛውና 6ኛው ለኔ መስኮት ስለሚሆነው ውፍረት አላወሩም አለ፣ ልክም ነው። የኔ የድሮው ሉህ 6 ሚሊሜትር ነው። አለመጉበጥ በውፍረቱ ኪዩብ ስለሚያድግ ከ6 ወደ 10 መሄድ ከአራት እጥፍ ተኩል በላይ ያጠነክረዋል። በሁለቱ ፕላስቲኮች መካከል ያለው ልዩነት ከዚህ አንጻር ትንሽ ነው። እንግዲያው ወፍራም የተቀባ ፖሊካርቦኔትም ያስኬዳል ማለቱ ነው። ያስኬዳል። ለመግቢያው በር ተነቃይ ሳንቃ፣ ሰው ለሚረግጠውና ዕቃ ለሚወድቅበት ቦታ፣ ፖሊካርቦኔቱን እገዛለሁ። ለጎን መስኮት ግን ልጆቼ ለዓመታት አሻግረው የሚያዩበት ስለሆነ ቶሎ የማይጫረውንና ፀሐይ የሚችለውን አክሪሊክ እመርጣለሁ።

22ኛው አንድ ነገር ያዘኝ። የድሮው ፍሬም ጎድጓድ ለ6 ሚሊሜትር ነው የተሠራው፣ 10 አይገባበትም። ወይ በ6 መቆየት፣ ወይ ፍሬሙን ጥሎ ሉሁን ከውጭ መደረብ። ከውጭ ሲደረብ ከክፍቱ በዙሪያው 2 ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ያልፋል፣ ውኃው ሲመታውም ግድግዳው ላይ ይበልጥ ይጫነዋል እንጂ ወደ ውስጥ አያስገባውም። እኔ ከውጭ ልደርብ ነው። የማሸጊያውን መስመር ፀሐይ እንዳያገኘው ሉሁ ዙሪያውን በጥቁር ፕራይመር ይቀባል።

23ኛው የድሮዎቹን ሉሆች እንዳልጥል አሳሰበኝ። በእጅ የተሠራ ጀልባ ግራና ቀኙ እኩል ስለማይሆን እያንዳንዱን በካርቶን ለየብቻ መለካት ያስፈልጋል። ለካሁ፣ እውነትም እኩል አይደሉም።

ካስት አክሪሊክ፣ 10 ሚሊሜትር፣ አዝዣለሁ። ቀለሙን ግን ገና አልነገርኳቸውም። ግራጫው ካቢኑን ከሰው ዓይን ይሸፍናል፣ በፀሐይ ግን ከጥርት ያለው በላይ ይሞቃል፣ ይረዝማልም። ጥርት ያለው የጠርዙን መስመር ሁሉ ያሳያል። ግራጫ ያደረገና በሁለተኛው በጋ ማሸጊያው የያዘለት ሰው ካለ፣ የማሸጊያውን ውፍረት ጨምሮ ይጻፍልኝ።